ሁለት ጊዜ የወረወርኩት ክራር

ክራሬን ሁለት ጊዜ ወርውሬዋለሁ። በመጀመሪያው ያረፈው ሶፋ ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ያረፈው ሲሚንቶ ላይ ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኮርቼበት አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራውን የሚያነብ ሰው ነገሩን ሁሉ በትዕግሥት የተወጣሁት እንዳይመስለው ብዬ ነው። ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። የባሌዋ ሮቤ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ ሳስተምር ቱግ ባልኩ ቁጥር ስንት ጠመኔ እንደሰበርኩ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። በቤታችን ትዕግሥተኛው ባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ የኮምባይነር መካኒክ ነው። አጋርፋ አካባቢ ከገበሬ ቤት የተወለደ፣ ስንዴና ገብስ በሚታጨድበት ወራት ዘይት የጠጣ ቱታውን ለብሶ ከማሳ ማሳ ሲጠራ የሚውል ሰው። ሞተር ሲበላሽ እንደ ሌሎቹ ቶሎ ብሎ አይፈታም። ራቅ ብሎ ይቆማል፣ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ያዳምጣል። ከዚያ «ቤልቱ ነው» ይላል፤ ቤልቱ ሆኖ ይገኛል። ወሬ ደግሞ ነፍሱ ነው። በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ፣ በመሐል «ወላሂ» እያለ የሚምል፣ አንድ ቀልድ ነግሮ ለመጨረስ ከሮቤ ጎባ ያለው መንገድ የማይበቃው ሰው ነበር። እኔ ስቆጣ እሱ ያወራል፣ እኔ ሳልወድ እስቃለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ትዳራችን የቆመው በዚህ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ቀና ብሎ ሊነግረኝ ሲሞክር አፉም አልታዘዝ አለው። ጎባ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን፤ ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሃምዱሊላህ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በከዘራ እየተደገፈ ቤቱ ገባ። እግሩ ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ እንደ ነገሩ ሆነ። ከንግግሩ የተረፈው ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ነገ»።

ውሃ ልስጥህ? «ነገ።» ያምሃል? «ነገ።» ሲስቅም ነገ፣ ሲቆጣም ነገ። ይቺ ቃል ለምን እንደተረፈችው እኔ የራሴ ግምት አለኝ። ኮምባይነሩ መሐል ማሳ ላይ ቆሞበት ዝናብ የሚያስፈራራው ገበሬ ሁሉ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ሲለው የሚመልሳት ቃል ናት። ዕድሜ ልኩን ሲላት ስለኖረ ከአፉ አልለቅ ብላ ይሆናል።

የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፤ ይገባዋልም። ከአፉ የወጣው ቃል የፈለገው እንዳልሆነም ያውቃል። ሌላ ቃል ሊያወጣ ይታገልና ያው «ነገ» ሲመጣበት በግራ እጁ አልጋውን ይመታል። አዳማ የምትማረው ልጃችን ስትደውል ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። «አባ፣ እንዴት ነህ?» ትላለች። «ነገ… ነገ… ነገ» ይልና ስልኩን ወደ እኔ ይገፋዋል። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ያለቅሳል፤ እኔ ሁለቱንም እቆጣና ኩሽና ገብቼ አለቅሳለሁ። ያን ጊዜ ከአላህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከራሱ አፍ የሚወጣ፣ የራሱ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር። ምንም ይሁን። ከፈለገ ይስደበኝ።

ለእጁና ለእግሩ ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ጎባ እንመላለስ ነበር። አንድ ቀን ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ስልኳ ጠራ፤ መጥሪያው የሰርግ ዘፈን ነው። ሴትየዋ ስልኩን ከቦርሳዋ ፈልጋ እስክታወጣ ባለቤቴ ከዘፈኑ ጋር ሁለት ቃል አለ። ጥርት አድርጎ። ስልኩ ሲነሳ ዘፈኑ ተቋረጠ፤ እሱም አብሮ ተቋረጠ።

ልምምዱን የምታሠራው ወጣት በር ላይ ቆማ ሰምታው ኖሮ ወደ ውስጥ ካስገባችን በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ የንግግር ባለሙያ አይደለሁም፣ እትዬ። ግን ንግግር የጠፋበት ሰው አንዳንዴ ዘፈን አይጠፋበትም ብለው አስተምረውናል። ቤት ውስጥ አብረውት ይዝፈኑ። ቀስ ብለው፣ እሱን እየጠበቁ።»

«እኔ መዝፈን አልችልም» አልኳት።

«ሁሉም ይችላል። ከየት ነዎት ለመሆኑ?»

«ከወሎ።»

ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አልፈረድኩባትም። ይህን ሳቅ ባሌ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከወሎ የመጣ ሰው ሁሉ ዜማ ከጡት ጋር የጠባ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ደሴ ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤት በዓል ከመዘምራኑ ጋር አቁመውኝ መምህራችን ጠጋ ብሎ «አንቺ አፍሽን ብቻ ክፈቺ» ያለኝ ሰው ነኝ። ድምፄ መነሻውንም መድረሻውንም አያውቅም።

መጀመሪያ በስልክ ሞከርኩ። ስልክ ግን ሰው አይጠብቅም። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቃሉን እስኪያዘጋጅ ዘፈኑ ጥሎት ይሄዳል፤ እሱ አልጋውን ይመታል። ፍጥነቱን ቀንሼ ባጫውትለት ዘፋኟ የምታገሳ ላም መሰለች። የሚያስፈልገን እሱን የሚጠብቅ ሰው፣ ለዚያ ሰው ደግሞ ድምፁን ይዞ የሚመራለት መሣሪያ እንደሆነ ገባኝ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ማን አለ?

መሣሪያው ፈተና ኮፒ ለማስደረግ የምሄድበት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት የጎባ ልጅ ናት፤ በበዓላት ከባህል ቡድን ጋር ክራር ትጫወታለች። ክራሯን ከጉርድ ፎቶዎችና ከላሚኔት ናሙናዎች መሐል እያየሁ ዓመታት አልፌያለሁ። ያን ቀን ግን ቆምኩና አስተምሪኝ አልኳት። ለምን እንደሆነም ነገርኳት። ልጅቷ ማሽኑን አጠፋች፤ እሷ ቤት ማሽን ሲጠፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ ለስንት ጊዜ የሚያደርስ ትዕግሥት አለዎት?» አለችኝ።

«ምንም የለኝም።»

«እሱንም አብረን እንማራለን።»

እኔ በመጀመሪያው ቀን ዘፈን ተምሬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ክራር ሸጠችልኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ መቃኘት ብቻ አስተማረችኝ። ስድስት ክር አለ፤ አንዱን ሳጠብቀው ሌላው ይረግባል፣ ያንን ስይዝ የመጀመሪያው አምልጧል። «መቼ ነው የምጫወተው?» ብዬ ስጮህ ያቺ ልጅ ዞር ብላ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ ቲቸር» አለችኝ። ይህን ተረት እኔ ለተማሪዎቼ ስንቴ እንደተረትኩባቸው! ሲተረትብኝ ግን ያን ያህል አልጣመኝም።

የጣት ነገር አይወራ። የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ ኋላ ቆመው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ክር ይጠብቃሉ፤ የማይፈለገውን አፍነው የሚፈለገውን ይለቃሉ። የኔ ጣቶች የማይፈለገውን ለቀው የሚፈለገውን ያፍናሉ። በዚያ ላይ ሱቁ ውስጥ አሳምሬ የቃኘሁት ክራር በባጃጅ ቤት እስክደርስ ይበላሻል። ሁለት ጊዜ ታገስኩ፤ በሦስተኛው ተመልሼ ሄጄ ደንበኛ ፊት «የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጥሽልኝ!» አልኳት። ልጅቷ አልተቆጣችም። እጄን ይዛ ቆዳው ላይ አሳረፈችው፤ ረጥቦ ረግቧል። «ማሽኑ ቤቱን ያሞቀዋል። እርስዎ ደግሞ ከዚህ አውጥተው ጭጋግ ውስጥ ይከቱታል። የባሌ ብርድ ለሰው ያላዘነ ለፍየል ቆዳ ያዝናል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልዬው መሄድ ጀመርኩ።

ለቁጣዬም መድኃኒት ነበራት። ቱግ ልል ስል ከፊቴ ታውቀኛለች፤ ክራሩን ከእጄ ትቀበልና የተባዛ ወረቀት ክምርና ስቴፕለር ትሰጠኛለች። «በተናደደ እጅ ክራር አይያዝም። ይሄን ይምቱ» ትለኛለች። ስንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሞጁል በኔ ንዴት እንደተሰፋ አላህ ይወቀው። «መማሬ ነው መቀጠሬ?» ብዬ ስነጫነጭ ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር ግን ከሠላሳ ቅጠል በኋላ እጄ ይበርዳል። መልሳ ክራሩን ስትሰጠኝ ያቃተኝ ነገር ሁልጊዜ ባይሆንም አንዳንዴ እሺ ይለኛል። ሰው ንዴቱን ሳይውጥ ወደ ጎን ማስቀመጥ እንደሚችል ያወቅኩት በሃምሳ ዓመቴ፣ ልጄ ከምትሆን ልጅ ነው። እዳዋ አለብኝ።

ቤት ውስጥ ስለማመድ የመጀመሪያው ውርወራ መጣ። አጥር የምንጋራት ባለሱቅ ጎረቤታችን በአጥሩ አሻግራ «እንዴ፣ ድመታችሁ ታማለች?» አለችኝ። ድመት የለንም። ሶፋው ክራሩን ተቀበለልኝ። ጎረቤቴ በማግሥቱ ነገሩን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ክራር ስይዝ ሬዲዮዋን ትቀንሳለች። ድምፁ እያስጠላት መቀነሷ ትልቅ ውለታ ነው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንዱን የአገሬን የሰርግ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩት። በኔ ሚዛን ግሩም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴን ትራስ አስደግፌ አስቀመጥኩት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ ጀመርኩ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ፊቱን ጨምደድ አደረገ። አራተኛው ላይ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ላንተ ብዬ እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሌላም ነገር ተናገርኩ፤ እዚህ የማልጽፈው። ክራሩ ሲሚንቶው ላይ አረፈ፣ ስንጥቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በሩን አላትሜ ወጣሁ። ጓሮ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ብዙ አለቀስኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ እኔን ያስዋጠኝ ምላጭ ግን የታመመ ባሌ ላይ መጮሄ ነው።

ተመልሼ ስገባ ባለቤቴ አልጋው ላይ የለም። ወለሉ ላይ ነው። የወደቀ መስሎኝ ጮህኩ። አልወደቀም፤ በራሱ ወርዶ፣ ክራሩን በጉልበቶቹ መሐል ይዞ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና በግራ እጁ ወደ አልጋው ሥር አመለከተ። የመሣሪያ ሳጥኑ ነው። ከታመመ ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ እሱም እንዲያየው አይፈልግም ነበር። ጎትቼ አወጣሁለት።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለታችን ወለል ላይ ተቀምጠን ክራር ጠገንን። አንዱ የክር መወጠሪያ እንጨት ተሰብሯል፣ ቆዳው የተወጠረበት ሳህንም ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። እሱ በግራ እጁ ፒንሳ ይይዛል፣ እኔ ቀኝ እጁ ሆኜ የሚያመለክተውን እጨብጣለሁ። ሳላጠብቅ ስቀር «ነገ!» ብሎ ይቆጣኛል፤ አጠብቃለሁ። ስንጥቁን በቀጭን ሽቦ ጠፈነገው፤ ከመጥረጊያ እጀታ ቆርጠን ለእንጨቱ ምትክ ሠራን። በትዳር ያን ሁሉ ዓመት ስንኖር ተቀምጠን አንድ ዕቃ አብረን ሠርተን አናውቅም ነበር።

ሲጨርስ ክሩን ነካ አደረገው። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ማሳ ላይ ሞተር የሚሰማው ያ ሰው ፊቴ ተቀምጧል። አንዱን ትንሽ አጠበቀ፣ ሌላውን ለቀቀ፣ ደግሞ አዳመጠ። ሲሰጠኝ ስድስቱም ክሮች እርስ በርሳቸው ተስማምተው ነበር። በሁለት ወር ውስጥ እኔ አንድም ቀን እንዲያ ቃኝቼው አላውቅም። ለካ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ልፋቴን ንቆ አልነበረም፤ ያልተቃኘ ነገር ጆሮውን አሞት ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ነገ» አለኝና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ሰኞ ዕለት አስተማሪዬ ክራሩን ነክታ «ማን ነው የቃኘው?» ብላ ስትጠይቀኝ በኩራት ልሞት ነበር።

ከዚያ ሥራ ተካፈልን። እሱ ይቃኛል፣ እኔ እጫወታለሁ። ያም ሆኖ የሰርግ ዘፈኑ ቃል አላመጣለትም። ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ፤ ያጉረመርማል፣ ዜማውን ይከተላል፣ ቃል ግን የለም። የሆስፒታሉን ሁለት ቃል እኔ ራሴ አልሜው ይሆን እያልኩ መጠራጠር ጀመርኩ። ጠዋት ሳስተምር፣ ከሰዓት ክራር ስማር፣ ማታ እሱን ሳስታምም ሰውነቴ አለቀ፤ ቀን ላይ ጋደም ማለት ምን እንደሚመስል ረሳሁት።

ታላቅ እህቱ ከአጋርፋ የመጡት በዚህ መሐል ነው። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጩኮ፣ በቅል ይዘው፣ ከአውቶቡስ ወርደው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ቤቱን አግኝተው ገቡ። ወንድማቸውን አቅፈው «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» እያሉ ካለቀሱ በኋላ ዓይናቸው ክራሩ ላይ አረፈ።

«ማል ኩን? ምንድን ነው ይሄ? የታመመ ሰው ቤት ዘፈን? ኧረ ሱብሃነላህ!»

«መድኃኒት ነው፣ አዴ። ሐኪም ቤት ነው ያዘዙን» አልኳቸው። ትንሽ ዋሸሁ።

«እስቲ መድኃኒቱን ልስማው» አሉና ተቀመጡ። ተጫወትኩላቸው። እሱም እንደ ልማዱ አጉረመረመ። ስጨርስ ሴትየዋ «ይሄ እኮ ያንቺ ዘፈን ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «እንዴት የኔ?»

«ያንቺ አገር ነዋ። የሰርግ ነዋ። እሱ ሙሽራ ነው እንዴ አሁን? ይሄ ልጅ ያደገው አውድማ ላይ ነው።»

ያን ከሰዓት በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ የነገሩኝን ባለቤቴ በዚያ ሁሉ ወሬው አንድ ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ገብስ ሲታጨድ አባታቸው በሬዎቹን አውድማው ላይ እያዞሩ ያበራያሉ። በሬዎቹ እንዳይሰለቹ ይዘፍኑላቸዋል። ትንሹ ልጅ፣ የኔ ባል፣ ከበሬዎቹ ኋላ እየዞረ ለአባቱ ይቀበላል፤ ቃሉም «ናነኢ» ነው፣ ዙር ማለት። አባት አንድ ስንኝ፣ ልጅ «ናነኢ»፤ አባት ሌላ ስንኝ፣ ልጅ «ናነኢ»። ከዚያ ኮምባይነር መጣ። ከመንደሩ ልጆች መጀመሪያ ኮምባይነሩን ተከትሎ የሄደው ይኸው ልጅ ነው። አባትየው አንድ የመኸር ወራት ሙሉ አላናገሩትም አሉ። ማሽኑ እየበዛ ሲሄድ አውድማውም ሣር በቀለበት፤ ዘፈኑም ቀረ።

«አባባ ለበሬ ሲዘፍኑ ማንም ሀራም ነው አላላቸውም» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩ።

ባለቤቴ ራሱን ቀና አደረገ። ግራ እጁ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ሴትየዋ ስንኙን ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ በዚያች ክፍተት፣ «ናነኢ» አለ።

እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀናሁ፤ ምን ያስዋሸኛል። ስንት ወር ጣቴ እስኪላጥ የለፋሁበትን እህቱ ያለ ክራር፣ ተቀምጠው፣ በአንድ ስንኝ አመጡት። ስፈልግ የኖርኩት የራሴን አገር ዜማ፣ የራሴን ሰርግ ነበር ማለት ነው። ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ብዙ ሽንኩርት። ስመለስ «አዴ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

በማግሥቱ ወደ አጋርፋ ከመመለሳቸው በፊት ዘፈኑን ስልኬ ላይ ቀዳሁት። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ስትሰማው ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከተማ ያደገች ናትና እንዲህ ያለ ዘፈን ሰምታ አታውቅም። የምታውቃቸውን ቅኝቶች ሁሉ ሞከረች፤ አንዱም ልክ አልመጣም። በመጨረሻ አንዱን ክር ትንሽ ዝቅ አድርጋ አገኘችው። «ይሄ ቅኝት ስም የለውም። ከእናንተ ቤት ሌላ የትም የለም» አለችኝ። ቃሎቹን አንድ በአንድ እያስጠናች፣ በኦሮምኛዬ እየሳቀች፣ ለአንድ ሳምንት አንድም ሳንቲም አልተቀበለችኝም። «እኔ ነኝ ዛሬ የተማርኩት» አለች። ገለቶሚ፣ ልጄ፤ ያኔ በደንብ አላመሰገንኩሽም።

ቤት ውስጥ አባትየውን ሆንኩ። በተሰነጠቀ ክራር፣ በወሎ ኦሮምኛ፣ በማይታዘዝ ድምፅ ስንኝ እጥላለሁ፤ ባለቤቴ «ናነኢ» ይላል። ካዘገየ እጠብቀዋለሁ፤ ክሩን እየነካሁ እዚያው እቆያለሁ። ቀስ በቀስ የኔንም ስንኝ ጫፍ መያዝ ጀመረ። ስለ ጥቁሩ በሬ፣ ስለ ገብሱ፣ ገለባውን ስለሚወስደው ንፋስ። ከዘፈኑ ከወጣን ግን ያው ነው። ውሃ ፈልጎ ኩባያ እያመለከተ «ውሃ በል» ስለው ይታገላል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ «ነገ» ይልና አልጋውን ይመታል። ድሮ ቢሆን አፋጥጠው ነበር። አሁን ግን ተነስቼ ልብስ አጣጥፋለሁ፤ ሁለታችንም ሲበርድልን ከዘፈኑ መጀመሪያ እንነሳለን።

አንድ ቅዳሜ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ነበር። ከገበያ ገብቼ ቅርጫቱን በር ላይ ትቼ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቃኝቶ ጠብቆኛል። ዘፈኑን ጀምረን እስከ መጨረሻው ስንኝ ደረስን። በመጨረሻው ስንኝ ገብሱ ከገለባው ጠርቷል፣ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፣ ገበሬው በሬውን ይፈታል፦ ዞረህ ዞረህ ደክሞሃል፣ ይበቃሃል፣ እረፍ ይለዋል። እኔ አልኩ፣ እሱ ተቀበለኝ፣ ጨረስን። እጄን ከክሮቹ አንስቼ የሚታረመውን ፈተና ወደ ተከመረበት ጠረጴዛ ልነሳ ጉልበቴን ያዝኩ።

ባለቤቴ አላቆመም። ክራሩ ዝም ብሏል፤ እሱ ግን በዚያው ዜማ፣ በግራ እጁ ጉልበቱን እየመታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ቀጠለ። ኦሮምኛ አልነበረም። እህቱ ያስተማሩኝ ስንኝ ውስጥም የለም።

«አንቺም… ደክሞሻል… አንቺም… እረፊ።»

ምሳ አልተሠራም ነበር። ዝናቡም መጥቶ ጓሮ የተሰጣውን ልብስ እያራሰው ነው። ክራሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጫማዬን አወለቅኩና አጠገቡ ጋደም አልኩ።